የሱሑር ኪኒን

ቤድፎርድ፣ ቴክሳስ
ማርች 2 ቀን 2008

ይድረስ ለእናቴ አጎት ለአባባ እንድሪስ፣ ኮምቦልቻ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካትሁ። በቅድሚያ የእርስዎን ጤና፣ ቀጥዬ ደግሞ የመነጽርዎን ጤና እጠይቃለሁ። ባለፈው አንደኛው እግሩ በክር እንደታሰረ ጽፈውልን ነበር። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባዬ ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ አውቶቡስ እየነዳ ነው። እማዬ ደግሞ ሰላምታዬን ከራስሽ አስቀድመሽ ጻፊልኝ ብላለች፤ ይኸው ረሳሁትና ሁለተኛ ሆነ።

በስልክ ጆሮዎ እንደማይሰማልዎት ስለነገሩኝ፣ ስለ ትምህርቴ የጠየቁኝን በጽሑፍ እመልሳለሁ። ፋርማሲ ትምህርት ቤት ለመግባት እየተዘጋጀሁ ነው። እዚህ አገር ሰው ሃይስኩል እንደጨረሰ ዝም ብሎ ፋርማሲ አይገባም። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ዓመት ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና ሒሳብ ይማራል፤ ከዚያ አገር አቀፍ ፈተና ይቀመጣል፤ ከዚያ ያመለክታል። ሲያመለክትም አንድ ፋርማሲስት «ይህችን ልጅ አውቃታለሁ፣ ትታመናለች» ብሎ ሊጽፍለት ይገባል። ይህን ሁሉ ካለፈ ነው ገና አራት ዓመት ፋርማሲ የሚማረው። እኔ ኬሚስትሪው ላይ ነኝ፤ ኬሚስትሪውም እኔ ላይ ነው።

ከክፍል ስወጣ መድኃኒት ቤት ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ እሠራለሁ። ፋርማሲስቷ ሳሮን የምትባል የእኛው አገር ልጅ ናት፤ እዚህ ነው ያደገችው። ሥራ በጀመርኩ ቀን አንድ ሕግ አስተማረችኝ። ደንበኛ ስለ መድኃኒት አንድ ነገር ከጠየቀኝ፣ መልሱን ባውቀው እንኳ፣ «ቆይ ፋርማሲስቷን ልጥራልዎት» ማለት ብቻ ነው የተፈቀደልኝ። ይህንኑ በቀን ሃያ ጊዜ ሳልል አልውልም።

ዱዓዎ አይለየን።

ልጅዎ ሁስና ሲራጁዲን

*

ኮምቦልቻ
ሚያዝያ 14 ቀን 2000 ዓ.ም.

አመልካች፦ እንድሪስ፣ የቀድሞ የፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ ጸሐፊ
ተጠሪ፦ ልጄ ሁስና
ጉዳዩ፦ ደስታ

ወዐለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካትሁ። አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ መነጽሬም በአዲስ ክር ታስሯል።

ደብዳቤሽን ከመግሪብ ሰላት በፊት ደጃፌ ላይ ለተቀመጠው ሰው በሙሉ አነበብኩት። ፋርማሲ መግባትሽን የሰማ ሁሉ ሹክር አደረገ። «እየተዘጋጀሁ» የምትዪውን ነገር ግን አልወደድኩልሽም። አርባ ዓመት ለሰው ማመልከቻ ስጽፍ የማውቀው፣ ባለጉዳይ ወይ ገብቷል ወይ ደጅ ቆሟል። አንቺ ገብተሻል ብዬ ይዣለሁ። ትሕትና ጥሩ ነው፣ ሲበዛ ግን ያከስራል።

ከሁሉ በላይ የተደሰተችው ጎረቤቴ ኸይሪያ ናት። እንቁላል እየሸጠች ልጆቿን ያሳደገችው፣ ባሏ የሞተባት። የስኳር ሕመም እኔንና እሷን በአንድ ዓመት ነው የያዘን፤ ከአንድ ጤና ጣቢያ አንድ ዓይነት ኪኒን ነው የምንቀበለው። «እንግዲህ የራሳችን ፋርማሲስት አለችን» አለች። አንድ ነገር ብቻ ለምናሻል፦ በነጩ ጋውን የተነሳሽውን ፎቶ ላኪልን።

አላህ ትምህርትሽን ያግራልሽ።

እንድሪስ

*

ቤድፎርድ
ጁን 14 ቀን 2008

ይድረስ ለአባባ እንድሪስ

የአላህ ሰላም በቤትዎ ይሁን። ደብዳቤዎ ስለዘገየብኝ ተጨንቄ ነበር፤ ሲደርሰኝ ደግሞ እኔው መልሱን አዘገየሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። ፈተና ላይ ነበርኩ። ኬሚስትሪው ዘንድሮ ከብዶኝ ነበር።

ስለ ትምህርቴ የጻፉትን አይቻለሁ። በሌላ ጊዜ ሰፋ አድርጌ አስረዳዎታለሁ።

ፎቶውን ልኬያለሁ። ጋውኑ ትከሻዬ ላይ ትንሽ ይሰፋል፣ እንዳይስቁብኝ። ለእማማ ኸይሪያ ሰላምታዬን ይንገሩልኝ።

ሁስና

*

ኮምቦልቻ
ሐምሌ 8 ቀን 2000 ዓ.ም.

አመልካች፦ እንድሪስና ኸይሪያ
ተጠሪ፦ ፋርማሲስት ሁስና
ጉዳዩ፦ ጾም

ሰላምታዬ እንደ ክረምቱ ዝናብ ሳያቋርጥ ይድረስሽ። ፎቶሽን በመስታወት አስገብቼ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። የጋውኑ መስፋት አላስቀየመንም፤ ሰው ወደ ማዕረጉ ያድጋል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ረመዳን ነሐሴ መጨረሻ ላይ ይገባል። ጤና ጣቢያ ያለው ልጅ እግር ሐኪም «አባባ፣ ሰባ ሁለት ዓመትዎ ነው፣ ስኳርዎ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ዘንድሮ ባይጾሙ ይሻላል፤ ካልሆነ ግን ሳይጀምሩ መጥተው ያነጋግሩኝ» አለኝ። ሕመምተኛ እንደማይገደድ አውቃለሁ። ማወቅ ሌላ፣ አገር ሲጾም በሬን ዘግቼ ምሳ መብላት ሌላ። ከልጅነቴ ጀምሮ አንድም ቀን ፈትቼ አላውቅም። ኸይሪያም እንደዚያው። ሐኪሙ ዘንድ ተመልሰን ብንሄድ አትጹሙ ብሎ እንደሚቆርጥብን አውቀን ሁለታችንም ቀረን።

ኪኒኑ ጠዋትና ማታ የሚዋጥ ነው። ስሙን ከፓኮው ገልብጬ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። በጾም እንዴት እንውሰደው? አንቺ ከፈቀድሽ እንጾማለን፤ ከከለከልሽ እንበላለን። ውሳኔሽ ይግባኝ የለውም።

መልስሽን ለመንገደኛ ስጪ፤ በፖስታ ከላክሽው ጾሙ ያልቃል።

እንድሪስ

*

ቤድፎርድ
ኦገስት 9 ቀን 2008

ይድረስ ለአባባ እንድሪስ

አሰላሙ ዐለይኩም። ደብዳቤውን የሚያደርሰው ሰው ነገ ስለሚበር አሳጥሬ እጽፋለሁ።

የጠየቁኝ ነገር አያስጨንቅም። የጠዋቱን ኪኒን ጎህ ሳይቀድ በሱሑር፣ የማታውን በማፍጠሪያ ይውሰዱ። ሰዓቱ ነው እንጂ የሚቀየር ነገር የለም። ከማፍጠሪያ እስከ ሱሑር ውሃ በብዛት ይጠጡ፣ ቴምር አያብዙ። ለእማማ ኸይሪያም ይኸው ነው።

ይጹሙ። አላህ ይቀበልዎት።

ሁስና

*

ኮምቦልቻ
ጥቅምት 20 ቀን 2001 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ሰላምታ

ለልጄ ሁስና። እንደምን ከርመሻል? ጾሙ አለፈ፣ ዒዱም አለፈ። እኔ ደህና ነኝ። ዝናቡ ዘንድሮ ቶሎ አባርቷል፣ ማሽላው ግን ደህና ነው።

የጾሙን ደብዳቤሽን ግልባጭ ከተለጠፈበት አንስቼ ፋይል ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ፀሐይ እንዳይጎዳው ብዬ ነው።

የትምህርትሽ ስንተኛ ዓመት ነው ያልሽኝ?

እናትሽን ሰላም በያት።

እንድሪስ

*

ቤድፎርድ
ዲሴምበር 21 ቀን 2008

ይድረስ ለአባባ እንድሪስ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካትሁ። ሰላምታውን አላስረዝምም፤ ካስረዘምኩት የምጽፈውን ሳልጽፍ ወረቀቱ እንደሚያልቅ ራሴን አውቀዋለሁ።

የአረፋ ዒድ ሰላት ላይ ረያን የሚባል ልጅ አገኘን። ዲቪ ደርሶት ከኮምቦልቻ ከመጣ ሁለት ወሩ ነው፣ ፎርት ወርዝ መጋዘን ይሠራል። እማዬ የማን ዘመድ እንደሆንን ስትነግረው ዞሮ አየኝና «ያቺ ግድግዳ ላይ ያለችው አንቺ ነሽ እንዴ? የስኳሩን ደብዳቤ የጻፍሽው?» አለኝ። አዎ አልኩት። መጀመሪያ ኩራት ቢጤ ተሰምቶኝ እንደነበር አልደብቅዎትም። እማዬ ሄዳ ሰው ስትስም ቀስ ብሎ ነገረኝ። ደብዳቤዬን በእጅ ጽሑፍዎ ገልብጠው መስጊዱ በር ላይ እንደለጠፉት፤ በጾሙ በዘጠነኛው ቀን ከዙህር ሰላት ሲመለሱ መንገድ ላይ እንደወደቁ፤ ሰው ስኳር በጥብጦ አፍዎ ውስጥ እንደጨመረ፤ እማማ ኸይሪያም እርስዎ በወደቁ በሁለተኛው ቀን ከደጃቸው ደረጃ ላይ ወድቀው እግራቸው እንደተሰበረ። «አላወቅሽም እንዴ?» አለኝ። እርስዎ ዝናቡ አባርቷል ብለው ነው የጻፉልኝ።

በማግስቱ ሳሮን ዘንድ ሄድኩ። ኪኒኑን ነገርኳት፣ የጻፍኩትንም ቃል በቃል ነገርኳት።

«ዌይት፣ ሁስና» አለችኝ። «ጠዋት ስንት፣ ማታ ስንት ነው የሚወስዱት?»

አላውቅም አልኳት። አልጠየቅኩም ነበር። ረያን ጋ ደውዬ፣ እሱ ኮምቦልቻ ለእናቱ ደውሎ፣ እሷ የእማማ ኸይሪያን ልጆች ጠይቃ፣ ጠዋት ሁለት ማታ አንድ መሆኑን ያወቅኩት እዚያው ፊቷ ቆሜ ነው።

«ሶ ሁለቱን በሱሑር ዋጡ፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ምግብ የለም። ዶዙ መቀየር ነበረበት፣ ማለቴ፣ መጾም ራሱ ከተፈቀደላቸው። ኩላሊታቸውን ቼክ ያደረገ አለ? ሌላ መድኃኒት ይወስዳሉ?»

«አላውቅም።»

«እዚህ ካውንተር ላይ የማታውቂው ሰው ሲጠይቅሽ ትጠሪኛለሽ። አጎትሽ ሲጠይቁሽ ለምን አልጠራሽኝም? አሥር እርምጃ ላይ ነበርኩ እኮ።»

ፎቶውን የተነሳሁት በእሷ ጋውን መሆኑንም ያኔ ነገርኳት። ምሳ ስትወጣ ከመስቀያው አውርጄ ነበር የለበስኩት። እሱን ስነግራት ነው ፊቷ ይበልጥ የከፋው። «ዘንድሮ ሪኮመንዴሽኑን አልጽፍልሽም፣ ኦኬ?» አለችኝ። «ከርሞ እናያለን። ፕሮሚስ ግን አላደርግም።» ማመልከቻዬ ያለ እሷ ደብዳቤ አይገባም። ልክ ናት። ትታመናለች ብላ እንዴት ትጽፋለች?

አባባ፣ እኔ ፋርማሲስት አይደለሁም። ፋርማሲ ትምህርት ቤትም አልገባሁም። ኬሚስትሪውን ወድቄ እየደገምኩ ነው። ሚያዝያ ላይ «ገብተሻል ብዬ ይዣለሁ» ብለው ሲጽፉልኝ፣ አልገባሁም ብዬ ለመመለስ አንድ መስመር ይበቃ ነበር። ያቺን መስመር አፍሬ ተውኳት። ከዚያ ፎቶ ጠየቁኝ፣ ፎቶው ከውሸቱ ጋር እንዲገጥም ጋውን ፈለግኩ። ከዚያ ጾሙን ጠየቁኝ። በጋውን የታየች ሰው አላውቅም ብትል እንዴት ትታያለች ብዬ፣ አወቅኩ። የጻፍኩልዎት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ሳሮን ለሰው ስትናገር ከጎን የሰማሁትን ድምፅ ነው አስመስዬ የጻፍኩት። እርስዎን ላጣዎት እችል ነበር ብዬ ሳስብ እፍረቱ ምግብ አላስበላኝ አለ።

ሳሮን ያለችኝ ይህ ነው፦ ሐኪሙ ምን እንደተፈጠረ በትክክል ይወቅ፤ ያንን ወረቀት አይቶ እንደዚያ ያደረገ ሌላ ሰው ካለም ይፈለግ። የሚመጣውን ጾም ሐኪሙ ነው የሚወስነው።

ይቅር ይበሉኝ ብዬ አልጽፍም። መጀመሪያ ይቆጡኝ።

ሁስና

*

ኮምቦልቻ
የካቲት 6 ቀን 2001 ዓ.ም.

ተከሳሽ፦ እንድሪስ
ጉዳዩ፦ የእምነት ክህደት ቃል

ወዐለይኩሙ ሰላም። ይቆጡኝ ስላልሽ ተቆጥቻለሁ። ደብዳቤሽን አንብቤ ሳምንት ሙሉ ብዕር አላነሳሁም፤ ባነሳ ኖሮ ስድብ ነበር የምጽፈው። ፎቶሽን ከግድግዳ አውርጃለሁ። ይህን ሳልነግርሽ ብቀር እንደ ጥቅምቱ ደብዳቤ ይሆናል ብዬ ነው የምነግርሽ።

ከዚያ ፋይሉን ከፍቼ የመጀመሪያውን ደብዳቤሽን አወጣሁ። «ለመግባት እየተዘጋጀሁ ነው» ይላል። በጥሩ እጅ ጽሑፍ፣ ምንም የሚያሻማ ነገር የለውም። ያን ቀን ለሰው ሳነበው ያቺን ቃል ዘልያታለሁ። የዘለልኳት ዓይኔ ደክሞ አይደለም፤ ዘልዬ ሳነበው ስለሚያምር ነው። ለሰው ሲጽፍ ቃል ማሳመር እንጀራው ሆኖ የቆየ ሰው፣ ሲያነብም እጁ አያርፍም። አፍሬ ነው የምጽፍልሽ። ስለዚህ ክሱን እንደቀረበብኝ አምኛለሁ።

ሁለተኛም አለ። ከነቃሁ በኋላ ያ ሐኪም «ማን ነው እንዲህ ውሰዱ ያለዎት?» ሲለኝ፣ ራሴ ነኝ አልኩት። ስምሽን ያዳንኩ መስሎኝ ነበር። ሐኪሙ የእኔን እልኸኝነት ብቻ ጽፎ ዘጋው። በዚያው ሰዓት የመስጊዱ በር ላይ ያለውን ወረቀት ብነግረው ኖሮ ሰው ልኮ ያስነሳው ነበር። ኸይሪያ የወደቀችው እኔ በወደቅኩ በሁለተኛው ቀን ነው።

ባለፈው ዓርብ ከጁሙዓ በኋላ ቆሜ ወረቀቱ ስህተት እንደነበር ለወንዱ ሁሉ ተናግሬያለሁ። ሌላ የተጎዳ ሰው አልተገኘም፣ አልሐምዱሊላህ። ሐኪሙም ዘንድ ሄጄ ቃሌን አስተካክያለሁ፤ የሚመጣውን ረመዳን አልጾምም። ምሳዬን በሬን ሳልዘጋ እበላለሁ።

የቀረኝ ኸይሪያ ናት። ደሴ ሆስፒታል ሁለት ወር ተኝታ ተመለሰች፤ የምትሄደው በምርኩዝ ነው፣ እንቁላሉንም ትታዋለች። ፊደል አልቆጠረችም። ለምን እንደወደቀች ብትጠየቅ የምትለውን ታውቂያለሽ? «ልጅቷማ በትክክል ነው የጻፈችልን፤ እኔ ነኝ ኪኒኑን ስቆጥር የተሳሳትኩት» ትላለች። ልጆቿ ሦስት እንኳ መቁጠር ያቅትሻል ብለው ይቆጧታል። እሷም ራሷን ማመን ትታ አሁን ኪኒኗን በእጇ አትነካም፤ ልጇ ናት እንደ ሕፃን አፏ ውስጥ የምታደርግላት። የአንቺን ስም በክፉ ያነሳ ሰው ካለም ታስወጣዋለች።

ልነግራት ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ስለ ማሽላ አውርቼ ተመለስኩ። ለስንቱ ባለጉዳይ ቃል ያላጣሁ ሰው ለእሷ ቃል አጣሁ። አንቺ ጻፊላት። እኔ አነብላታለሁ።

እንድሪስ

*

ቤድፎርድ
ማርች 8 ቀን 2009

ይድረስ ለእማማ ኸይሪያ፣ ኮምቦልቻ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካትሁ። አላህ እግርዎን ያጽናልዎ። ይህ ደብዳቤ ሲነበብልዎት ልጆችዎ ቤት ከሌሉ፣ እስኪመጡ ድረስ እንዲቆይልኝ እለምናለሁ። እነሱም መስማት አለባቸው።

እማማ፣ የቆጠራ ስህተት የለብዎትም። ጠዋት ሁለት፣ ማታ አንድ፤ አንድም ቀን አልተሳሳቱም። የወደቁት የተጻፈልዎትን ልክ እንደተጻፈው ስላደረጉ ነው። ጠዋት ሁለቱን የዋጠ ሰው ቀኑን ሙሉ ሳይበላ ከዋለ ስኳሩ ወርዶ እንደሚጥለው ፋርማሲስት ያውቃል። እኔ ግን ፋርማሲስት አይደለሁም። ሃያ ዓመቴ ነው። መድኃኒት ቤት ገንዘብ እቀበላለሁ፤ ትምህርት ቤቱ ገና አልተቀበለኝም፣ ይቀበለኝ እንደሆነም አላውቅም። ፎቶው ላይ ያለው ጋውን የሌላ ሰው ነው።

ስትጠይቁኝ አላውቅም ማለት አሳፈረኝ። ያን ቀን የሸሸሁትን እፍረት እርስዎ በማያውቁት ጉዳይ ስድስት ወር ተሸከሙልኝ። ልጆችዎ እርስዎን የተቆጡት እኔን ሊቆጡ ሲገባ ነው። እግርዎን ልመልስልዎ አልችልም። የእኔ የሆነውን ጥፋት ግን ይመልሱልኝ።

ኪኒንዎን ከዛሬ ጀምሮ በእጅዎ ይቁጠሩ። መቁጠር ያውቃሉ። ስንት እንደሚወሰድ ሐኪሙን ይጠይቁ፤ እኔን አይጠይቁኝ።

አንድ አደራ ብቻ አለኝ። አባባ እንድሪስ ይወዱኛል፣ ሲያነቡም አንዳንድ ቃል ሊያልፉልኝ ይችሉ ይሆናል። ድምፃቸው ዝቅ ካለ፣ ወይም መነጽራቸውን ለማስተካከል ካቆሙ፣ እባክዎ «ከመጀመሪያው ጀምረው ያንብቡልኝ» ይበሏቸው።

ሁስና ሲራጁዲን